ከምድር ሆድ እስከ ራስ ዲካ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት «ከሰል» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በመጀመሪያ ወደ አእምሮአችሁ የሚመጣው ምን እንደሆነ እርስ በርሳችሁ ተወያዩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራስ ዲካ የጅቡቲ ከተማ ከተከፈለችባቸው ሦስት ክፍሎች አንዷ ናት። ሌሎቹ ሁለቱ ቡላዖስና ባልባላ ይባላሉ። አሮጌው የከተማዪቱ እምብርት የሚገኘው በራስ ዲካ ነው። ምድሩ ከባሕር ከፍ ብሎ የተነሣ የኮራል ድንጋይ ሲሆን፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ የሚታየው እሳተ ገሞራ ያቃጠለው ጥቁር ዐለት ነው። በዚህ ምድር ላይ ደን የለም፤ ወንዝም ዓመቱን ሙሉ አይፈስበትም፤ ከሥሩም የድንጋይ ከሰል አይገኝም። ይሁንና ይህችን ከተማ ካስገኙአት ምክንያቶች ዋነኛው የድንጋይ ከሰል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከብ በሸራ ይጓዝ በነበረበት ዘመን መርከበኛው ነፋስን በገንዘብ አይገዛም ነበር። የእንፋሎት መርከብ ከተሠራ በኋላ ግን የጉዞው ሁሉ ሒሳብ በከሰል ሆነ። መርከቡ ብዙ ከሰል ከጫነ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል፤ ጥቂት ከጫነ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በየባሕሩ ዳር ከሰል የሚሞላበት ወደብ ማግኘት ግድ ሆነ። በ1869 የስዊዝ ካናል ተከፍቶ የአውሮፓ መርከቦች በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሩቅ ምሥራቅ መመላለስ ሲጀምሩ፣ በቀይ ባሕር መውጫ ላይ ያለ ጠረፍ ዋጋው ከወርቅ የሚተካከል ሆነ። እንግሊዞች ኤደንን ከ1839 ጀምሮ ይዘው ነበር። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ቢገዙም ሃያ ዓመት ያህል ሳይጠቀሙበት ቆዩ። ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው ከቻይና ጋር ያደረጉት ጦርነት ነው። በ1884 እና በ1885 በነበረው በዚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች «እኛ ገለልተኞች ነን» ብለው ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች በኤደን ከሰል መስጠትን ከለከሉ። በሌላው ሰው በር ላይ ማገዶ መለመን የሚያስከትለውን ችግር ያን ጊዜ ፈረንሳዮች በሚገባ ተረዱት። ሌዎንስ ላጋርድ የተባለው ሹማቸው በ1884 ወደ ኦቦክ ተላከ። ነገር ግን ኦቦክ ለነፋስ የተጋለጠ፣ ለመርከብ መጠለያም የማይመች ስለ ነበረ፣ ከ1888 ጀምሮ ፊታቸውን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ወደ ጅቡቲ አዞሩ። በ1896 የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደዚያው ተዛወረ።

ያን ጊዜ በወደቡ ዳር የከሰል ክምር እንደ ኮረብታ ይታይ ነበር። ከሰሉን ከክምሩ አንሥተው ወደ መርከቡ የሚያደርሱት ሶማሌዎች፣ አፋሮችና ከየመን የተሻገሩ ዐረቦች ነበሩ። ጠራራ ፀሐይ በሚያነድበት ጠረፍ ላይ ከረጢቱንና ቅርጫቱን ተሸክመው በመሸጋገሪያ ሳንቃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ጥቁሩ ብናኝ በላባቸው ላይ ተለጥፎ ማንነታቸውን እንኳ መለየት ያስቸግር ነበር።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ ክምር ጋር ይያያዛል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 የሰጡትን ፈቃድ መሠረት በማድረግ የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከ1950ዎቹ ወዲህ በናፍጣ የሚሠሩ ሞተሮች እስኪተኩት ድረስ ባቡሩ የሚጓዘው በእንፋሎት ነበር። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ባቡር» የሚለው ቃል መነሻው የጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ሲሆን ትርጉሙም «እንፋሎት» ማለት ነው። በቀድሞው አማርኛ መርከቡም «የባሕር ባቡር»፣ በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮም «ባቡር» መባሉ ስለዚህ ነው። እንፋሎቱ ዛሬ ከሐዲዱ ላይ ጠፍቷል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ ኃይል ይሠራል፤ ስሙ ግን ዛሬም ባቡር ነው።

ለመሆኑ ያ ከሰል ከየት ይመጣ ነበር? በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የነበሩት የከሰል ወደቦች አብዛኛውን ከሰላቸውን ያገኙ የነበረው ከብሪታንያ፣ ይልቁንም ዌልስ ከተባለው ምዕራባዊ ክፍሏ ነው። የዌልስ ከሰል ጭሱ ጥቂት፣ ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ መርከበኞች ከሌላው ሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። ከካርዲፍ ወደብ ብቻ በ1913 ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ተጭኖ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ሄዷል። ይህ ሁሉ ከሰል የወጣው ከመሬት በታች በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ከሚገኙ ዋሻዎች ነው።

የድንጋይ ከሰል የሚለው ስም «ድንጋይ» የሚል ቅጽል ይኑረው እንጂ አመጣጡ ከዕፅዋት ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የዛሬይቱ ዌልስ ረግረጋማ ደን ነበረች። ዛፎቹ እየወደቁ አየር በማይደርስበት ውሃ ውስጥ ስለ ተቀበሩ ፈጽመው አልበሰበሱም። በላያቸው አሸዋና ጭቃ ተነባበረ፤ ክብደቱና የምድር ውስጥ ሙቀት እየጨመቀ ውሃውን አስወጣቸው፤ በመጨረሻም ጥቁርና ተቀጣጣይ ድንጋይ ሆኑ። ስለዚህ ከሰሉ የሚገኘው እንደ እንጀራ በተነባበሩ ዐለቶች መካከል በስሱ ተዘርግቶ ነው። ውፍረቱ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ሲሆን ደግሞ እንደ ትልቅ ሀብት ይቆጠራል። ከሰሉ ለመሬት ገጽ ቅርብ ከሆነ አፈሩን ገፎ በግልጽ መቆፈር ይቻላል። ጥልቅ ከሆነ ግን ሰው ራሱ ወደ ምድር ሆድ መውረድ አለበት።

ወደ ታች ለመውረድ በመጀመሪያ እንደ ውሃ ጉድጓድ ቀጥ ያለ መውረጃ ይቆፈራል። ግድግዳው እንዳይናድ በጡብ ወይም በኮንክሪት ይገነባል። ከአፉ በላይ ከፍ ያለ ማማ ይቆማል፤ በማማው ጫፍ ላይ ታላቅ መዘውር አለ፤ በመዘውሩ ላይ የሚያልፈው የሽቦ ገመድ ሠራተኞችና ከሰል የሚጫኑበትን የብረት ሣጥን ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሳል። ከመውረጃው ግርጌ ዋና ዋና መተላለፊያ ዋሻዎች በየአቅጣጫው ተነሥተው ከሰሉ እስከሚቆረጥበት ግንብር ድረስ ይዘልቃሉ። በቀድሞ ዘመን በእነዚህ መተላለፊያዎች ሐዲድ ተዘርግቶ ጋሪዎቹን ፈረሶች ይጎትቱ ነበር። ከጉድጓዱ ውስጥ ጋጣ ተሠርቶላቸው ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ሳያዩ የሚኖሩ ፈረሶች ነበሩ።

የማዕድን ቆፋሪው የመጀመሪያ ጠላት ውሃ ነው። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ከዐለቱ ስንጥቅ የሚፈልቀው ውሃ ይበረታል። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ብረት ሠሪ ያቆመው የእንፋሎት ሞተር ይሠራ የነበረው ሥራ ውሃን ከከሰል ጉድጓድ መሳብ ነው። ስለዚህ በኋላ መርከብንና ባቡርን ያንቀሳቀሰው ኃይል ተወልዶ ያደገው በከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። አንድ መውረጃ ብቻ ያለው ጉድጓድ መውጫው እንደ ተደፈነ ቤት ነው። ይህን ብሪታንያ የተማረችው በከፍተኛ ዋጋ ነው። በጥር ወር 1862 ሃርትሊ በተባለው የከሰል ማውጫ የውሃ መሳቢያው ሞተር ታላቅ የብረት ክንድ ተሰብሮ በአንዲቱ መውረጃ ውስጥ ወደቀና ደፈናት። 204 ሰዎችና ልጆች ከታች ታፍነው ሞቱ። በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ማውጫ ሁለት መውረጃዎች እንዲኖሩት የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ አየር በአንዱ መውረጃ ይገባል፤ በዋሻዎቹ ሁሉ ይዞራል፤ በሌላው መውረጃ አፍ ላይ የተተከለው ታላቅ ማራገቢያ የቆሸሸውን አየር ስቦ ያወጣዋል። አየሩ አቋራጭ መንገድ ፈልጎ እንዳይመለስ በየመገናኛው በር ይደረጋል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እነዚህን በሮች ለጋሪ የሚከፍቱና የሚዘጉ ከአምስትና ከስድስት ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ሻማ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ወላጆች ልጆቻቸው በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ሴቶችና ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ በሕግ የተከለከለው በ1842 ነው።

አየር የሚያስፈልገው ለመተንፈስ ብቻ አይደለም። ከሰሉ ሲቆረጥ ሚቴን የተባለ ጋዝ ከውስጡ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ሲደርስ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። በመብራትነት የሚያገለግለው ሻማ ስለዚህ ብዙ ሰዎችን ፈጅቷል። በ1815 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ነበልባሉን በወንፊት መሳይ የሽቦ መረብ የሚከልል ፋኖስ ሠራ። የሽቦው መረብ ሙቀቱን ስለሚበትነው ነበልባሉ ወደ ውጭ አይተላለፍም። ከዚህም በላይ የነበልባሉ መልክ ሲለወጥ ጋዙ መኖሩን ያመለክታል። የሚያሳዝነው ነገር አንዳንድ ባለቤቶች ፋኖሱን ተማምነው ቀድሞ በጋዝ ምክንያት የተተዉትን አደገኛ ዋሻዎች እንደገና ማስቆፈራቸው ነው።

ከፍንዳታ የተረፈውን ሰው የሚገድል ሌላ ጋዝም አለ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በ1896 ታይለርስታውን በተባለ የዌልስ ማውጫ 57 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ ሐኪም አስከሬኖቹን መርምሮ አብዛኞቹን የገደለው ይህ ጋዝ እንጂ የፍንዳታው ኃይል አለመሆኑን አረጋገጠ። ትንንሽ ወፎች ከሰው ይልቅ ፈጥነው በጋዙ እንደሚመረዙ ስለሚታወቅ፣ ካናሪ የተባለችውን ወፍ በጎጆ ይዞ መውረድን ያስተማረው እርሱ ነው። ወፏ ከተቀመጠችበት ስትወድቅ ሠራተኞቹ ሮጠው ይወጣሉ። ይህ ልማድ በብሪታንያ እስከ 1986 ቆይቷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በብርድ ወቅት በርና መስኮት ዘግተው የከሰል ምድጃ አጠገብ አድረው የሞቱ ሰዎች ወሬ በየዓመቱ ይሰማል። እነርሱን የሚገድላቸውና የማዕድን ሠራተኛውን የሚገድለው አንድ ጋዝ ነው።

ከሰሉን የመቁረጡ ሥራ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። በመጀመሪያው መንገድ ቆፋሪዎቹ ከሰሉን እንደ ክፍል ክፍል አድርገው ያወጡና በመካከሉ ወፋፍራም የከሰል ዐምዶች ጣሪያውን እንዲሸከሙ ይተዋሉ። ይህ አሠራር የተሻለ ደኅንነት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ከሰል ከምድር ውስጥ ይቀራል። በሁለተኛው መንገድ አንድ ረጅም የከሰል ግንብር ከዳር እስከ ዳር በአንድነት እየተላጠ ይወሰዳል። ሠራተኞቹ ወደ ፊት ሲገፉ ከኋላቸው ያለው ባዶ ቦታ ሆን ተብሎ እንዲደረመስ ይለቀቃል። በቀድሞው ዘመን ቆፋሪው በጎኑ ተኝቶ የከሰሉን ሥር በዶማ ይሸረሽራል፤ ከላይ በሽብልቅ ወይም በባሩድ ይጥለዋል፤ ጓደኛው በአካፋ ወደ ጋሪው ይጭናል። ጣሪያውን የሚደግፉት የእንጨት ምሰሶዎች ነበሩ። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ከብረት ይልቅ እንጨቱን ይመርጡ ነበር ይባላል፤ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይንቋቋልና።

በብሪታንያ የከሰል ሥራ ከፍተኛው የምርት ዓመት 1913 በዚያው መጠን የሐዘን ዓመት ነበር። በጥቅምት 14 ቀን ጠዋት ሴንግኸኒድ በተባለ የዌልስ መንደር፣ ጥልቀቱ 600 ሜትር ያህል በሆነው ማውጫ ውስጥ ከ900 በላይ ሠራተኞች ገብተው ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ጋዙ ፈነዳ። የፍንዳታው ነፋስ በየዋሻው ወለል ላይ የተኛውን የከሰል ብናኝ አነሣ፤ ብናኙም ራሱ እንደ ባሩድ እየተቀጣጠለ ከዋሻ ወደ ዋሻ ተላለፈ። 439 ሠራተኞች ሞቱ፤ ሊያድናቸው ከገባ አንድ ሰው ጋር የሟቾቹ ቁጥር 440 ሆነ። በዚያው ማውጫ በ1901 በደረሰ ፍንዳታ 81 ሰዎች አልቀው ስለ ነበር አደጋው ያልታሰበ ነው ለማለት አይቻልም። የ1911 ሕግ በእሳት ጊዜ ጭሱን ከሰዎቹ ለማራቅ የአየሩን አቅጣጫ መገልበጥ የሚችል ማራገቢያ እንዲተከል ያዝዝ ነበር፤ የተሰጠው የጊዜ ገደብም አልፎ ነበር፤ ማራገቢያው ግን አልተለወጠም። ፍርድ ቤቱ በአስተዳዳሪው ላይ 24፣ በኩባንያው ላይ 10 ፓውንድ መቀጫ ወሰነ። ይህ ገንዘብ ለሟቾቹ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ነፍስ ከሁለት ሺሊንግ በታች ይደርሳል።

ፈረንሳይም ከዚህ ነፃ አልነበረችም። በመጋቢት 1906 ኩሪየር በተባለው ማውጫ 1,099 ሰዎች ሞተዋል። ፍለጋው ሊቋረጥ ተወስኖ ሳለ፣ ከሃያ ቀን በኋላ 13 ሠራተኞች በጨለማው ውስጥ ተንከራትተው በገዛ እጃቸው ወጡ። ይህ በአገሪቱ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ አስነሣ።

በዛሬው ዘመናዊ ማውጫ የቆፋሪውን ዶማ የተካው ጥርሳም ከበሮ ያለው ቆራጭ መሣሪያ ነው። ከጣሪያው ሥር በዘይት ግፊት የሚሠሩ የብረት ድጋፎች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ መሣሪያው ከሰሉን ቆርጦ ባለፈ ቁጥር ወደ ፊት ይራመዳሉ። ከሰሉ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ይጓዛል። ሚቴኑ ከመቆፈሩ በፊት በቱቦ ይሳባል፤ በየዋሻው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ዱቄቱ ከከሰሉ ብናኝ ጋር ሲደባለቅ እሳቱ እንዳይስፋፋ ያደርጋል። ይህ ሁሉ እያለ በ2014 በቱርክ አገር ሶማ በተባለው ማውጫ 301 ሠራተኞች ሞተዋል። ብናኙም በዝግታ የሳንባ በሽታ እያስከተለ ሥራውን ከተዉ በኋላ እንኳ ሰዎችን ይገድላል። ፈረንሳይ የመጨረሻውን የከሰል ማውጫዋን በ2004 ዘግታለች፤ የብሪታንያ የመጨረሻው ጥልቅ ማውጫ ኬሊንግሊ የተዘጋው በ2015 ነው።

በኢትዮጵያ የድንጋይ ከሰል በደጋው እሳተ ገሞራ ዐለቶች መካከል በተቀበሩ የጥንት ሐይቆችና ረግረጎች ውስጥ ይገኛል። በጎንደር አካባቢ በጭልጋ፣ በወሎ በውጫሌ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሙሽ ሸለቆ፣ በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ፣ በኢሉባቦር በያዩ ይታወቃል። ዕድሜው ከዌልሱ ጋር ሲነጻጸር ወጣት ነው፤ የጭልጋው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን፣ የሙሹ 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ስለዚህም ውሃውና ዐመዱ ይበዛል፤ ሙቀቱ ያንሳል። ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚያስፈልገው ከሰል ለብዙ ዓመታት ከውጭ፣ በተለይም ከደቡብ አፍሪካ እየተገዛ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት እየተሠራ ነው።

በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ አደጋም በአገራችን አለ። በ2024 መጀመሪያ በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል ለማውጣት የገቡ ወጣቶች ዋሻው ተደርምሶባቸው ከውስጥ ቀርተዋል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ።

1. ፈረንሳዮች ኦቦክን ትተው ወደ ጅቡቲ የዞሩት ለምንድን ነው?
2. ሁለት መውረጃዎች እንዲኖሩ የሚያስገድደው ሕግ ከመውጣቱ በፊት ምን ደረሰ?
3. በሴንግኸኒድ የሞቱት ሰዎች ቁጥር እንዲበዛ ያደረጉትን ምክንያቶች ግለጹ። ከእነርሱ ውስጥ በሰው እጅ ሊወገድ ይችል የነበረው የትኛው ነው?
4. የዴቪ ፋኖስ ሰዎችን ለማዳን ተሠርቶ ሳለ አደጋን የጨመረው እንዴት ነው?

ለ. «መውረጃ»፣ «መተላለፊያ»፣ «ማራገቢያ»፣ «መዘውር» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ትርጉም ጻፉ። ከግሥ የወጡትን ለይታችሁ ግሣቸውን አመልክቱ።

ሐ. «ባቡር» እንደሚለው ሁሉ፣ ከባቡር መንገድ ጋር ወደ አማርኛ የገባ አንድ ሌላ ቃል ፈልጉና ከየት ቋንቋ እንደ መጣ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።